ነፍሳችንን ይጠሩልን የነበሩት ሴትዮ

ልጅ ሳለሁ እናቴ ሴንትሩም፣ ኦስሎ መሀል ከተማ፣ ያሉ ቢሮዎችን ለማጽዳት ስትወጣ፣ ሊንደሩድ ሰፈር በነበረው ብሎካችን ከእኛ በላይ ለሚኖሩ አንዲት ፊሊፒናዊት አሮጊት ትታኝ ትሄድ ነበር። ተረት የሰማሁት ከእሳቸው ነው፤ ከአገሬ ሰው አንድም አልሰማሁም።

የልጅ ልጃቸው ማሪቬል «ሊላንግ» ትላቸዋለች፣ አያቴ ለማለት፤ እኔም እንደሷ እላቸው ነበር። ሊላንግ መብራት በከንቱ አያበሩም። ከቤተ ክርስቲያን የለቀሙትን የሻማ ቁራጭ በሰርዲን ቆርቆሮ አቅልጠው፣ መሀሉ ላይ የጥጥ ክር ተክለው ይለኩሱታል፤ የሰሙ ጭስ በረንዳ ላይ ከጠበሱት የደረቀ ዓሣ ሽታ ጋር ተደባልቆ ልብሴ ላይ ያድር ነበር። እሳቸው በቋንቋቸው ይተርታሉ፤ ማሪቬል መጀመሪያ በኖርስክ፣ በኖርዌዮቹ ቋንቋ፣ ታቀብለኝ ነበር፣ ኋላ ራሴ መስማት ቻልኩ።

በጣም የምንወደው አንድ ተረት ነበር። አንዲት ልጅ ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ ይመሽባትና ተጣድፋ ትመለሳለች፤ ነፍሷ ግን ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች። ልጅቱ ትበላለች አትጠግብም፣ ትስቃለች ደስ አይላትም። በመጨረሻ እናቷ ወንዝ ወርዳ በስሟ ትጠራታለች። እዚህ ላይ ሊላንግ ዝም ይላሉ፤ እኔና ማሪቬል «ኢንታዮን፣ ዲካ አግባትባቲ!» ብለን እንጮሃለን፤ እንሂድ፣ አትቅሪ ማለት ነው። ነገሩ ተረት ብቻም አልነበረም። ከመናፈሻም ከሱቅም ስንወጣ ሊላንግ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ስማችንን እየጠሩ ይህንኑ ይሉልን ነበር፤ ልጅ ነፍሷን የትም ረስታ ትሄዳለች ብለው ያምናሉ።

ቋንቋቸው ኢሎካኖ ነው፣ የሰሜን ፊሊፒን ገበሬዎች ቋንቋ። ልጃቸው ኮራ፣ የማሪቬል እናት፣ ግን ማኒላ በከተሜው ቋንቋ በታጋሎግ ተምራ ኦስሎ ሆስፒታል ሥራ የገባች ሴት ነበረች።

«ከልጄ ጋር ወይ በታጋሎግ ወይ በኖርስክ!» ትላቸው ነበር። «የትምባሆ ለቃሚ አፍ አልፈልግም።»

«ያ፣ ያ» ይላሉ ሊላንግ፣ በኖርስክ እሺ እሺ ለማለት፤ ኮራ ወደ ሥራ ስትወጣ ቆርቆሯቸውን ይለኩሳሉ።

አንድ ዓመት ገና ሲቃረብ ፊሊፒኖቹ ጋምለ ኦስሎ ሰፈር አዳራሽ ተከራይተው ተሰበሰቡ። ሊላንግ ከኮራ ጓደኞች ጋር ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ስለነበር የሚያውቃቸው አልነበረም። ማሪቬል ኮራ ያስጠናቻትን የታጋሎግ መዝሙር ልትዘምር መድረክ ወጣች፤ ወጣችና መዝሙሩ ጠፋት። ቆማ ቆማ በልቧ የምታውቀውን የወንዙን ተረት በኢሎካኖ ጀመረች። ጥሪው ላይ ስትደርስ እኔም ከወንበሬ አብሬያት ጮህኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በታጋሎግ ያሉትን ማሪቬል ኋላ ነው የነገረችኝ።

«ኮራ፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ ነው እንዴ ያሳደግሻት?» አለች አንዷ።

«አታጨብጭቡ!» አለ አንድ ሰውዬ። «ኢሎካኖ ቋጣሪ ነው፤ ጭብጨባውንም ቋጥራ ትወስደዋለች!»

የኮራ ፊት በላብ ረጠበ። «እኔ መሰልኳችሁ? ሠራተኛዋ ናት ያስተማረቻት» ብላ ወደ ሊላንግ ጠቆመች።

ሊላንግ ያኔ ሳህን እየሰበሰቡ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም። የሰበሰቡትን ወስደው አጠቡ።

ስንወጣ በረዶ ይጥል ነበር። ማሪቬል ደጃፉ ላይ ቆመች። «ሊላንግ፣ ጥሪኝ እንጂ!»

ሊላንግ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። «ሠራተኛ ነፍስ አትጠራም» አሉ፤ በኢሎካኖ ሳይሆን በታጋሎግ፣ ኮራ በደንብ እንድትሰማ።

«ውስጥ ቀርቻለሁ! ውስጥ ነኝ!» ብላ ማሪቬል አለቀሰች። ኮራ በጃኬቷ ቆብ ብትጎትታት አልነቃነቅም አለች። ያኔ እኔ ስሟን ጠርቼ ቃሉን እንደ ሊላንግ አድርጌ አልኩላት። እግሯን አነሳች። ቀጥዬ የራሴን ስም ጠራሁ። «አንቺ ደግሞ ዝም በይ!» አለችኝ ኮራ። ሊላንግ ከኋላችን ይመጡ ነበር፤ እሳቸውን የጠራ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮው አልተለኮሰም። ማታ ማታ አምፖል እየበራ ሦስታችንም ቴሌቪዥን እናይ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ኮራ ሊላንግን በፎርነቡ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አገራቸው ሸኘቻቸው።

የአዳራሹን ነገር ያን ዕለት ለእናቴ ነግሬያት ነበር። «ታዲያ ኮራ ምን አጠፋች?» አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች። «ነገ ልጇ ላይ እንዳይሳቅ ብላ ነው።» ይህን ያለችኝ በአማርኛ ነው። የአፍ መፍቻዋን ከምባትኛን ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ብቻ ነበር የምታወጣው፣ ያውም በሩን ዘግታ።

ዛሬ የራሴ የጽዳት ድርጅት አለኝ። ሳሙና በክዳን ነው የማስለካው፤ ቋጣሪ ሲሉኝ ሊላንግ ትዝ ይሉኛል። ቢሮ ቆልፌ ስወጣ ደጃፉ ላይ ስሜን በኢሎካኖ እጠራለሁ፣ ሠራተኞቼ ይስቃሉ። ማሪቬል ከኢሎካኖው አንድ ቃል እንኳ አታስታውስም፤ ተረቱን ለልጇ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ በኖርስክ።

እናቴ የአረጋውያን ቤት ገብታለች። አማርኛው ጠፍቷት ከምባትኛ ብቻ ቀርቷታል። ጠይቄያት ልወጣ ስነሳ ከአልጋዋ ሆና ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ነገር ትለኛለች። እኔም በሩ ላይ ቆሜ እሰማታለሁ። ነይ ትበለኝ ሂጂ አላውቅም።