እጇን ካላየች

በቢሮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «መትረየስ» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትተይብ አንድም ቀን ጣቶቿን አይታ አታውቅም። ዓይኗ ረቂቁ ላይ፣ አፏ ከጎረቤቷ ጋር ወግ ላይ፤ ጣቶቿ መንገዳቸውን ራሳቸው ያውቁት ነበር።

አንድ ክረምት ትኩሳት ጣላት። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ሲለቃት፣ ውሃ ልትጠጣ እጇን ወደ ብርጭቆው ብትሰድ እጇ አልፎት ሄዶ ግድግዳውን መታው። ልትነሳ ስትል እግሮቿ የሌላ ሰው እግር ሆኑባት።

ሐኪሙ ዓይኗን ጨፍና አፍንጫዋን እንድትነካ ነገራት። ጆሮዋን ነካች።

«ጡንቻዎ ደህና ነው» አላት። «ግን በጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ጡንቻው በተሳበ ቁጥር ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ በምን ፍጥነት እንደተለጠጠ በነርቭ አድርገው ለአንጎል ይነግራሉ። ሰው ሳያይ እጁ የት እንዳለ የሚያውቀው በእነሱ ነው። የእርስዎ ወሬ አድራሽ ነርቭ ተጎድቷል።»

«ይድናል?»

ሐኪሙ ወረቀቱን አገላበጠ። «በዓይንዎ ይተኩታል» አላት።

ተካችው። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባት። እግሯን እያየች መራመድ፣ ማንኪያውን እያየች መጉረስ፣ እጇን እያየች በር መቆለፍ ተማረች። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መብራት ጠፋና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ እንደ ባዶ ጆንያ ዝርግት አለች። መብራቱ እስኪመጣ እግሯ ወዴት እንደታጠፈ ሳታውቅ ወለሉ ላይ ቆየች። አልተጣራችም፤ ማንን ትጥራ?

ሥራ ስትመለስ ፊደል በፊደል እየለቀመች መተየብ ጀመረች። እሱስ ይሁን። ኮሪደር ላይ ቀና ብላ ሰላም ካለች ትወድቃለች፤ ስለዚህ አቀርቅራ ታልፋለች። ምሳ ላይም ማንኪያዋን እንጂ ሰው አታይም። «ከበሽታ ተነሳችና ኮራች» ተባለ። ልታስረዳ ብትሞክር «እጅሽ ይኸው እዚህ አለ፣ ደግሞ እንዴት ይጠፋሻል?» ብለው ሳቁ። የማይታይ ሕመም አዛኝ የለውም። ቀስ በቀስ ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ።

ታናሽ እህቷ ከሌላ ከተማ መጥታ ሦስት ቀን አብራት ሰነበተች። በመጨረሻው ቀን ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሲሄዱ እህትየው ድንገት ቆመች።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ሳወራሽ አንዴ እንኳ ቀና ብለሽ አታዪኝም? ምን አስቀየምኩሽ?»

ታላቅየዋ ግድግዳ ተደገፈች። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብላ ያየቻት። «ካየሁሽ እኮ እወድቃለሁ» አለቻት።

እህቷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ክንዷን ጥርቅም አድርጋ ያዘቻትና «በይ መንገዱን እኔ አይልሻለሁ፤ አንቺ እኔን እዪኝ» አለች።

ሦስት እርምጃ ሄዱ። እህቷ ሸብታለች፤ እስከዚያች ሰዓት አላስተዋለችም ነበር። በአራተኛው ጉልበቷ ከዳት፤ ተያይዘው ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉና እየሳቁ ቆሙ።

ጣቢያው ሲደርሱ እህቷ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ተሳፈረች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት እጇን አውለበለበችላት። እሷም እጇን አነሳች። ያልሆነ ቦታ እንዳይሄድባት ዓይኗን ተክላበት፣ ሳትቸኩል፣ አሳምራ አወዛወዘችው።

ቀና ስትል አውቶቡሱ ታጥፎ ሄዷል። ጥቂት ተቀመጠችና፣ እግሮቿን አይታ፣ ተነሳች።