በቴሌቪዥን ፊት ያወረድሁት ሙሾ

ልጆቼ ተበታትነው ነው የሚኖሩት። እኔም አንዱ ዘንድ ወር፣ ሌላው ዘንድ ሁለት ወር እያልሁ እዞራለሁ። አዘዞ አንድ አለኝ፣ ደባርቅ አንድ አለኝ። ሦስተኛዋ ፀዳ ነበረች። እሷ ሞታለች፤ እኔም በጊዜው አላለቀስሁላትም። አሁን በቤቷ ያለችው ሴት ልጇ ናት፣ ራፕ የሚሉትን የምትዘፍነው። ፊደል ስላልቆጠርሁ ይህን የምትጽፍልኝም እሷው ናት። «ስለ ዘፈን አልበምም ስለ ቴሌቪዥኑ ድራማም የምታስቢውን ተናገሪ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። እሺ አልሁ።

መጀመሪያ ዘፈኑን ልበል። ከአዘዞ ጎንደር በሚኒባስ ስመላለስ አልበም የማልሰማበት ቀን የለም። ዘፋኙ በአሥራ ምናምኑም ዘፈን አንዲት ሴት ይለምናል። ምነው ይቺ ልጅ አንድ ጊዜ እሺ ብትለው! ድምፁ ሸጋ ነው። ከበሮው ግን አይለወጥም፤ አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር አይታወቀኝም። መሐል ላይ ስለ አባቱ ቀስ ብሎ የሚዘፍናት አለች። እሷ ስትመጣ ሹፌሩ ያሳልፋታል። አንድ ቀን «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ተዋት» ብለው «እማማ፣ በዚች ጎማ አይዞርም» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ራፑን ለመልመድ ግን ጊዜ ፈጀብኝ። ጥድፊያ ነው። ብዙ ታላላቆች ባሉበት ቤት ያደገ ትንሽ ልጅ አፉን ሳይነጥቁት ለመጨረስ እንዴት እንደሚያወራ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። የልጅ ልጄን በሰማኋት ቁጥር ማን አፏን ነጥቋት ይሆን እላለሁ። ግጥሙን አልንቀውም። እኔ በጉልበቴ ዘመን ሙሾ አውራጅ ነበርሁ። ሰው ሲሞት ከዳባትም ከደባርቅም በበቅሎ እየመጡ ይወስዱኝ ነበር። ቃል ቤት ሲመታና ሳይመታ አውቃለሁ፤ የሷ ይመታል። የጎደለው ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ድራማውን ደግሞ እወደዋለሁ። በአማርኛ እየተናገሩ የሰው አገር ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው። የምወድላቸው አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ዓይን ዓይኑን ማየቱን ነው። የምጠላባቸው ቀብራቸውን ነው። ሰው ይሞታል፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ ከማስታወቂያው ስንመለስ ልጆቹ ስለ ፋብሪካው ይጣላሉ። ድንኳን የለ፣ ሠልስት የለ፣ ደረት የሚመታ የለ።

ልጄ የሞተች ጊዜ እኔ ደባርቅ ነበርሁ። መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክም ጠፍቶ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ፀዳ ስደርስ አርባዋ አልፏል። ጎረቤቶች ከበር ላይ ሁለት ሆነው ያዙኝ። «ግፊትሽ ይነሣል፣ ዝም በይ፣ የልጅ ልጅሽንም አታስደንግጫት» አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው፣ ክፋት አልነበረበትም። በስንቱ ሬሳ ላይ ሰው ያስለቀስሁ ሴት ለወለድኋት ልጅ አፌን ይዤ ውኃ ጠጣሁና ተቀመጥሁ። የልጅ ልጄም አላለቀሰችም። ጆሮዋ ላይ የምታደርገውን ነገር አድርጋ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

እንዲያ እንዳለን ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ድራማው ላይ አንዲት እናት የልጇን ሞት ሰማች። ከመኪናዋ ወረደች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ዝም አለች። ዝም! እኔም ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ነጠላዬን መቼ እንዳዘቀዘቅሁት አላውቅም። አፌ ተከፈተና አወረድሁት። ደረቴን እየመታሁ ለዚያች ለማላውቃት ልጅ አለቀስሁላት፤ ቁመቷን፣ አረማመዷን፣ ያልዳረቻቸውን ልጆች እያነሣሁ።

ጎረቤት ሙሾ ሲሰማ ይቀመጣል? ሰባት ስምንት ሴቶች እያለቀሱ ገቡ። አንዷማ ጫማዋን እንኳ አላደረገችም። ትንሽ አብረውኝ ካለቀሱ በኋላ አንዷ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣

«እማማ፣ ነፍስ ይማር፤ ለመሆኑ የሞተው ማነው?» አለችኝ።

በእጄ ወደ ቴሌቪዥኑ አሳየኋት። ማስታወቂያ ላይ ነበር፤ የልብስ ሳሙና።

«እንዴ! እኔ እኮ ወጤን እሳት ላይ ጥዬ ነው የሮጥሁት!»

«አንቺስ ወጥሽን፤ እኔ እንባዬን አይደል የከሰርሁት!» አለች ሌላዋ። ሳቁ፣ እኔንም አሳቁኝ፣ ወጡ። አንዲት አሮጊት ብቻ ቀርታ «ለሷ አልነበረም፣ አይደል?» አለችኝ። ነጠላዬን መልሼ አቃናሁት።

የልጅ ልጄ ግን ከጓዳ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በሳምንቱ ስልኳን ይዛ መጣች። «ለእማዬ የሠራሁት ነው፤ የማወጣው አልበም ላይ ይገባል፤ ፍረጂ» አለችኝ።

ሰማሁት። ስለ እናቷ እጅ ይላል፣ ስለ ሳሏ ይላል፣ ስለ ሆስፒታሉ ወንበር ይላል። ሁሉም በጥድፊያ።

«ሸጋ ነው» አልኋት። «ግን የት ላይ ነው የምናለቅሰው?»

«ምን ማለት ነው?»

«አልቃሽ ግጥሟን ብላ ዝም ትላለች። በዚያ ዝምታ ነው ሰው የሚያለቅሰው። አንቺ ዝም አላልሽልንም።»

«ባዶ ከተውሁት ሰው ያልፈዋል፣ እማማ።»

«ይለፈዋ።»

ተናደደችብኝ። በሦስተኛው ቀን ዘፈኑን ይዛው መጣችና አጠገቤ አስቀምጣ ከፈተችው። ስለ ወንበሩ ብላ ስትጨርስ ከበሮው ቆመ። ምንም የለም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ልጄን አየኋት። ከጎኔ የሆነ ድምፅ ስሰማ ዘፈኑ የቀጠለ መስሎኝ ነበር። እሷ ናት። ፊቷን ጭኔ ላይ ቀብራ ጮኸች። እኔም የልጄን ስም ጠርቼ፣ ቀብሯ ላይ ልለው የሚገባኝን አልሁት። ማንም አልያዘንም። ስልኩ ዘፈኑን ጨርሶ ሌላ ዘፈን ጀምሮ፣ እሱንም ጨርሶ ዝም አለ፤ እኛ ገና ነበርን።

አልበሙ አሁን ወጥቷል። ያ ዘፈን የለበትም። ምነው ብዬ ብጠይቃት «እኔ እንኳ እስከ መጨረሻው መስማት አልቻልሁም፤ ለሰው እንዴት ልስጠው?» አለች። ይህን ስትጽፍ እጇ ቆሟል፤ ተይው ብላት «አይ፣ ቀጥይ» አለችኝ። የምጨምረው የለኝም። አልበሙ ጥሩ ነው። ነገ ወደ አዘዞ እሄዳለሁ፤ እዚያ ለልጄ እንዳለቀስሁላት የሚያውቅ የለም፣ ከደጅ ጀምሮ ማውራት ይኖርብኛል።