ጉበት፣ ወተትና ፎስፈረስ

ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ ካዛንቺስ በሚገኘው የቀበሌ ቤታችን የቀረነው ሁለታችን ነበርን፤ እኔና ታላቅ እህቴ። እሷ አስተማሪ ናት፣ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ሰሞን ድካም ያዘኝ። የቢሮውን ደረጃ ከወጣሁ በኋላ ሰላምታ ለመመለስ እንኳ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። እህቴ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ ደምና ሽንት ሰጠሁ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «እስቲ አንቺ ውጭ ጠብቂ፣ ከእህትሽ ጋር ላውራ» አለኝ። ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የደሙ ባለቤት እኔ፣ ወሬውን የምትሰማው እሷ። ያኔ አልገረመኝም። በእኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም፤ ቤተሰብ ደግሞ መደበቁን ያውቅበታል።

እህቴ ፊቷን ታጥባ መጣች። «በቃ፣ ደም ማነስ ነው። በደንብ ከበላሽ ይለቅሻል» አለችኝ። እፎይ አልኩ።

ግቢው ይህን ሲሰማ ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። አንዱ ጉበት፣ አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ለስላሳ በሳጥን። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ትልቅ ሴት በየማለዳው ትኩስ ወተት ይዘው ይመጡና «ጠጪ የኔ ልጅ፣ ደም የሚተካው ይሄ ነው» እያሉ እስክጨርስ ቆመው ያዩኛል። እህቴም አጠገባቸው ቆማ ታያለች። ብርጭቆውን ተቀብላ የምታጥበው እሷ ናት። እኔ ወተት ድሮም አልወድም፤ እህቴን ደስ ይበላት ብዬ ነው የምጠጣው።

በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ባሰብኝ። በተለይ ማሳከኩ፤ ጀርባዬን ከበሩ መቃን ጋር እስከ ማሸት አደረሰኝ። እህቴ «ቁንጫ ይሆናል» ብላ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣች፣ አንሶላውን ቀቀለች። ባልሠራው ሥራ የቁንጫን ስም አጠፋን።

የቀጠሮዬ ቀን እህቴ ሰንጋ ተራ ለቅሶ ነበረባት። ነገ አብረን እንሂድ ብላ ብትለምነኝም አልሰማኋትም፤ ብቻዬን ሄድኩ። የበፊቱ ሐኪም አልነበረም። አንድ ወጣት ሐኪም እንደገና ደም አስመረመረኝና ውጤቱ ሲደርስ አስጠራኝ።

«ፎስፈረስዎ በጣም ከፍ ብሏል» አለኝ። «ያሳክክዎታል?»

«አዎ።»

«ወተትና ጉበት ቀንሰዋል?»

«ኧረ ዶክተር፣ በደንብ ነው የምወስደው። ለደም ማነሱ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ደም ማነሱ እኮ ከኩላሊትዎ የመጣ ነው። አልነገሩዎትም?»

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ፎስፈረስ ከምግብ የሚገኝ፣ ለአጥንትም የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ ትርፉን በሽንት የሚያስወጣው ግን ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ትርፉ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቆዳን ያሳክካል፣ ውሎ አድሮ አጥንትና የደም ሥር ይጎዳል። ወተት፣ ጉበት፣ የእንቁላል አስኳል፣ ጥቁሩ ለስላሳ ሁሉ ፎስፈረስ የበዛባቸው ናቸው። ኩላሊቴም ካለፈው ምርመራ ይልቅ ደክሟል፤ ካልተጠነቀቅን ወደ እጥበት መግባቴ ነው። ምግቡ ብቻ ነው ያደከመው ብሎ አልማለልኝም። ግን ጠያቂ ባመጣልኝ ቁጥር በራሴ ላይ በሽታ ስጨምር መክረሜ ገባኝ።

ባምቢስ ፌርማታ ጋ ታክሲ ነበር፤ አልፌው በእግሬ ሄድኩ። ከበሽታው ይልቅ ያቃጠለኝ ያንን የወተት ብርጭቆ የምታጥበው የእህቴ እጅ ነው።

ማታ ከለቅሶ ስትመለስ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

ተቀመጠች። «እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ማለቴ፣ ትንሽ በርታ ስትዪ ልነግርሽ ነበር።»

«ወተቱንስ?»

«ሐኪሙ ወተትና ጉበት ትቀንስ ብሎኝ ነበር። ግን ደም ማነስ ነው ብያለሁ። ሰው ፊት ምን ብዬ ከእጅሽ ልንጠቀው?»

ውሸቷ እንዳይጋለጥ እኔ እንድጠጣ ተወችኝ። ከዳችኝ፤ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሌላ ሰው ቢሆን እሰድበው ነበር፤ ያሳደገችኝን እህቴን ምን እላታለሁ? ታለቅሳለች፤ ተነስቼ እንዳባብላት የምትጠብቅ መሰለኝ። አልተነሳሁም።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ትደነግጪ ነበር እኮ።»

«እደነግጥ ነበር» አልኳት። «ደንግጬ ግን አልጠጣም ነበር።»