ስሙን የሰማ ሁሉ

ወንድሜ ከሞተ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የእሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ሳለ ስክሪኑ በራሱ ተቆለፈ። ምንም አልነካሁም። የይለፍ ቃሉን ጽፌ ገባሁ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተቆለፈ። መብራቱ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ስገባ ግን እኔ ያልከፈትኩት ፎልደር ተከፍቶ አገኘሁ። የቪዲዮዎቹ ፎልደር ነበር።

ስለ ቪዲዮዎቹ ልናገር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ አይገባኝም ነበር። ወንድሜ ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል ትምህርቱን እየቀዳ ያስቀምጥልኝ ነበር። ፊቱ አይታይም። ቁጥሮቹና ድምፁ ብቻ። «አንተ ድንጋይ፣ ይሄ ካልገባህ ባጃጅ ግዛ» ይላል መሃል ላይ። ፈተናውን አላለፍኩም። ቪዲዮዎቹ ግን ቀሩልኝ። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበራቸውም። ድምፁም ሌላ ቦታ የለም።

እሱ አዲስ ከተማ ሰፈር አንድ ማተሚያ ቤት ዲዛይን ይሠራ ነበር። ቤታችን እዚያው ከተማ፣ ታቦር ሰፈር ነው። የቤቱን ኮምፒውተር ሳያጠፋ ይሄድና፣ ሥራ ቦታ ሆኖ በኢንተርኔት እየገባበት እቤት የጀመረውን ይጨርሳል። ሲሞትም እንደበራ ነበር። እማዬ «እሱ እንዳበራው ይቆይ» አለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ እኔ መልሼ አበራው ነበር። በዚያው መንገድ ሌላ ሰው ሊገባ እንደሚችል ማናችንም አላሰብንም።

ያን ቀን ያሰብኩት አንድ ሰው ነው። የሥራ ባልደረባው፣ ጓደኛው። ለቅሶ ላይ «ኮምፒውተሩን ማን ይነካዋል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አንዴ አይደለም። ያኔ ለእኛ አስቦ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሌላ መሰለኝ። ደውዬ ጠራሁት። እውነቱን ለመናገር ለእርዳታ አልነበረም። ፊቱን ላየው ፈልጌ ነው።

ባጃጅ ይዞ መጣ። እማዬን ጎንበስ ብሎ «እንዴት ዋሉ እናቴ?» አላት። ከዚያ ሳይቀመጥ የኢንተርኔቱን ገመድ ከኋላ ነቀለው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«መጀመሪያ በሩ ይዘጋ። ሌባው ውስጥ እያለ ነው የምታወራው?»

ዱካውን እያጠፋ ነው ብዬ አሰብኩ። እጁን እያየሁ አጠገቡ ቆምኩ።

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እኔ ብቻ።»

«ለእኔ እንዳትነግረኝ።»

«አልነግርህም!»

ሳቀ። «ጎበዝ። ይሄን ወንድምህ አላስተማረህም። እሱ በዚህ ነገር ሰነፍ ነበር። የሰው ስም ነው አይደል?»

«ስም ነው። ግን ማንም የማያውቀው።»

ቀስ ብሎ፣ «የክርስትና ስሙ እንዳይሆን ብቻ» አለ።

እማዬ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ያን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ ከጎረቤት ደብቃዋለች። መተት የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው ትል ነበር። እኛም ቤት ውስጥ አንጠራውም። ወንድሜ ከዚህ የበለጠ የተደበቀ ቃል ከየት ያመጣል?

ጓደኛው አሁን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አንተ ልጅ፣ ፍትሐቱ ላይ ቄሱ ስንት ጊዜ ጠሩት? ያውም በድምፅ ማጉያ።»

እኔም ሰምቼ ነበር። ሲጠሩት ነው እንባዬ የመጣው። ግን... አላገናኘሁትም።

«ለጸሎት የተጠራ ስም!» አለች እማዬ። ወደ ውስጥ ገባች።

ቀብሩ ላይ የነበረውን ሰው በሐሳቤ አንድ በአንድ አየሁ። የእድሩ ሰዎች። የማተሚያ ቤቱ ሰዎች። ከቱላ የመጡ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ። ከዛፉ ሥር ቆመው የነበሩ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ ጓደኛው፣ ሐሳቤን እንዳወቀ ሁሉ። ፊቱን አየሁት። ምንም አላገኘሁበትም።

ኮምፒውተሩ የገባውንና ለመግባት የሞከረውን ይመዘግባል። ከፍቶ አሳየኝ። በማናውቃቸው ስሞች የሞከሩ ገጽ ሙሉ ነበሩ። «እነዚህ ከየትም ናቸው፤ ማሽን ነው የሚገምትላቸው» አለ። ከዚያ አንዱ ላይ ጣቱን አቆመ። በወንድሜ የመግቢያ ስም፣ በመጀመሪያው ሙከራ የገባ። «ይሄኛው አልገመተም። አውቆ ነው የገባው።» ማን እንደሆነ ግን መዝገቡ አይናገርም። የገባበትን የኢንተርኔት መስመር የሚያሳይ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። እሱንም መደበቅ ይቻላል አለኝ። ይህን እሱ እንዴት አወቀ? አልጠየቅኩትም።

ከሩቅ የሚያስገባውን ፕሮግራም አጠፋው። «ከእንግዲህ ከሩቅ የሚገባ የለም። ለማን ይከፈታል?» አለ። እንዳለው አፉን ያዘ። የገባው ሰው ተክሎት የሄደው ፕሮግራም ካለ ብሎ ፈለገ። አላገኘም።

ከዚያ የይለፍ ቃሉን ለውጥ አለኝ። ረጅም ይሁን፣ የሰው ስም አይሁን። ወንበሩን አዙሮ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። እኔ ግን በግራ እጄ ኪቦርዱን ሸፈንኩ። ግማሽ ዞር ሲል አይቶኛል። መልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። የቀድሞውን ለመጨረሻ ጊዜ ጻፍኩና ለወጥኩት። ከቀብሩ በኋላ ያን ስም በየቀኑ የምጽፈው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቪዲዮዎቹን በፍላሽ ገለበጥናቸው። «ሁሉንም ክፈታቸው። ካልከፈትካቸው ደህና መሆናቸውን አታውቅም» አለኝ። አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ደህና ነበሩ። አንዱ ሲቀር እጄ ቆመ። ያንን ቪዲዮ አይቼው አላውቅም። ከሞተ በኋላ አውቄ ያቆየሁት ነው። እሱን ካየሁ ወንድሜ ከእንግዲህ የሚለኝ አዲስ ነገር አይኖርም።

ጓደኛው ገባው መሰለኝ። «ውጭ ልጠብቅ» ብሎ ወጣ።

ከፈትኩት። ገጹ ነጭ ነው። እስክሪብቶ ወረቀት ሲነካ ተሰማ። «እህ፣ ተኝተሃል እንዴ?» አለ ወንድሜ።

አቆምኩት። ይሠራል። ፍላሹን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ እጄን ላዩ ላይ አድርጌ ወደ ውጭ ወጣሁ።

«እንዴት ነው?» አለ ጓደኛው።

«ደህና ነው» አልኩት። እጄን ግን ከኪሴ ላይ አላነሳሁም።