ያልወረደው ወረቀት

ልጄን ለመውሰድ በር ላይ ስቆም የማያት መምህርት እጅጌዋ ሁሌም በጠመኔ እንደነጣ ነው። ሰኞ ሰኞ ተማሪዎቿ የሳምንቱን ግባቸውን ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ፤ አርብ የተሳካለት ወረቀቱን ያወርዳል። እሷም አብራ ትለጥፋለች፦ «አልቆጣም።»

«ቲቸር፣ ማክሰኞ እኮ ተቆጥተዋል» አለቻት አንድ አርብ አንዷ ተማሪ።

«ማክሰኞማ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ወረቀቷ ሳይወርድ ቀረ።

ከጎኑ በዕድሜ ብዛት ቢጫ የሆነ ሌላ ወረቀት አለ፤ «ጮክ ብዬ አነባለሁ» ይላል። የማን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የአንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። ሲያነብ አንድ ቃል ቢሳሳት ጮኽኩበት። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ሳልሰማው ትምህርት ቤት ቀየረ። ይኼኔ ጎረምሳ ሆኗል» አለችኝ።

የተላቀቀውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ መልሳ ለጠፈችው።