ለምስጋናው ያልነገርኩት መርዶ

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር ነው። በጋዜጠኝነት ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። አደጋም ግጭትም ዘግቤያለሁ፤ አብዛኛው እየደበዘዘብኝ ሄዷል። ይህ ግን አልደበዘዘም፤ በዚህኛው ዘጋቢ ብቻ አልነበርኩምና።

ምስጋናው ድብ ባሕር አካባቢ ካለች የገጠር ቀበሌ የመጣ ወጣት ነው። ጎንደር ለትምህርት መጥቶ በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ቴኳንዶ፣ ቀጥሎ ቦክስ ሠራ። በመጨረሻ ሁለቱን ከትግል ጋር የሚያቀላቅለውን፣ በአጥር በተከበበ መድረክ የሚደረገውን ኤምኤምኤ የሚባል ስፖርት ያዘ። በከተማችን ይህን ስፖርት የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። አሰልጣኙ ምንጣፉን የዘረጋው አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ስለ ምስጋናው ሦስት ጊዜ ዘገባ ሠራሁ፤ በዚያው ከቤተሰቡ ጋር ተዋወቅሁ።

አባቱ አያ ካሤ በወጣትነታቸው በጥምቀት ሜዳ ትግል የታወቁ ነበሩ። የልጃቸውን ሥራ ግን አልወደዱትም። «ሰው ተደባድቦ ይታሰራል እንጂ ደመወዝ ይበላል?» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከውድድሮቹ አንዱን በስልኬ አሳየኋቸው። አይተው ሲጨርሱ፣ «ምነው አንገቱን ለቀቅኸው አትለውም? ይዞት ነበር እኮ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን በስልክ ማሠልጠን ጀመሩ።

በዚያ ታኅሣሥ ምስጋናው ዱባይ ላይ እንዲወዳደር ተጠራ። ካሸነፈ ከአዘጋጆቹ ጋር የሦስት ውድድር ውል ይፈርማል። ከተሸነፈ ወደ መጋዘኑ ይመለሳል። ውድድሩ ቅዳሜ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አያ ካሤ አውድማ ላይ እህል ሲያበራዩ ወደቁ። ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ አረፉ። ዕለቱን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበሩ። እኔም ከጎንደር ደርሼ ቀብሬያለሁ።

ከቀብር መልስ የሟቹ ታናሽ ወንድም አያ ጥላሁን ዘመድ አዝማዱን ሰበሰቡ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። «ልጁ ሰው አገር ነው፤ ማን ይይዘዋል? ሲመጣ እንደ ወጉ እንነግረዋለን።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ሌላውን አልፈራም፤ አፉን ይይዛል። የምፈራው አንተን ነው። ያንተ እንጀራ ወሬ ነው።»

ሲያለቅሱ የነበሩት ሁሉ ፈገግ አሉ። እኔም ቃሌን ሰጠሁ።

ከዚያም በላይ ሠራሁ። ሁለት የአክስቱ ልጆች የአያ ካሤን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ብለው ፌስቡክ ላይ ለጥፈው ነበር። ደውዬ እንዲያነሡት አደረግሁ። ባልደረቦቼንም ነገሩን እንዳይነኩት ለመንኳቸው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የተረጋገጠ ዜና እንዳይወጣ የደከምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ምስጋናው ደወለ። ኪሎ ለመቀነስ ምግብም ውኃም ቀንሶ ስለነበር ድምፁ ደርቋል።

«ጋሼ፣ አባቴ ስልክ አያነሳም። አያ ጥላሁን፣ አባትህ ቆላ ወርዷል ይለኛል። ሰብሉ አውድማ ላይ እያለ ቆላ ይወርዳል? እስቲ አንተ እንኳ እውነቱን ንገረኝ። አባቴ ደህና ነው?»

አያ ጥላሁን ዕድሜ ልካቸውን ገበሬ ሆነው ይህን አለማሰባቸው ገረመኝ። ሐዘን ያስረሳል። እኔ ግን መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ትናንት ቤታችሁ ነበርኩ» አልኩት። «አታስብ፤ ኪሎህን አስተካክል።»

ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ሰማሁ።

«እንዲያ ከሆነ ሸጋ። አንተ ከሄድክ ይበቃኛል» አለ።

ቅዳሜ ውድድሩን ከልምምድ ጓደኞቹ ጋር መጋዘኑ ውስጥ በስልክ ተከታተልን። በሁለተኛው ዙር ተጋጣሚውን ከኋላ አንገቱን ያዘው። ሰውየው ታገለ፣ ተወራጨ፤ በመጨረሻ በእጁ ምንጣፉን መትቶ መሸነፉን አመነ። ምስጋናው ማይክሮፎኑን ሲቀበል በአማርኛ ጮኸ።

«አባዬ፣ አልለቀቅሁትም! አየኸኝ?»

መጋዘኑ ውስጥ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጎንደር ገባ። አውሮፕላን ጣቢያ ጥቁር የለበሰ ሰው እንዳይሄድ ተከልክሎ ነበር። «ደክሞሃል፤ ዛሬ እዚህ እረፍ» ብለው ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት አሳደሩት። ማክሰኞ ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባቱ ገቡ። እኔም ከኋላ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። ለመያዝ አራት ሰው አስፈልጓል።

ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ አስጠራኝ።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ረቡዕ ጠዋት።»

«የተቀበረውስ?»

«ያንኑ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«እኔ የደወልኩልህ ሐሙስ ነው።»

«አዎ።»

«ቤታችሁ ነበርኩ ያልከኝ ለቀብር ሄደህ ነዋ።»

«አዎ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ምስጋናው ስሙ የታወቀ ተወዳዳሪ ነው። ውሉን ፈረመ፤ ውሉ ሲያልቅ የተሻለ ውል አገኘ። በመጋዘኑ ምንጣፍ ላይ አሁን ቦታ አይገኝም። ባለፈው ክረምት እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ለዘገባ ፈልጌ አገኘሁት። የጠየቅሁትን ሁሉ በትሕትና መለሰልኝ። መቅጃውን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ነገር ጨመርኩ።

«ያን ቀን ነግሬህ ቢሆን ትመጣ ነበር?»

«አላውቅም ጋሼ። ምናልባት ሁሉን ትቼ እመጣ ነበር። ምናልባትም ጨክኜ እወዳደር ነበር። አሁን ማወቂያ የለኝም። ለአባቴ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበርኩ ሳላውቀው ልኖር ነው።»

አያ ጥላሁን ደግ እንደሠራን ዛሬም ያምናሉ። «ብንነግረው ኖሮ ለዚህ ይበቃ ነበር?» ይሉኛል። አልከራከራቸውም። ወጉንም ክፉ ነው አልልም፤ ስንቱን ብቻውን ከማልቀስ አድኗል። እሳቸው የወንድማቸውን ልጅ በሚያውቁት መንገድ ጠበቁት።

እኔ ግን ምስጋናው፣ ሌላው ሁሉ ሊዋሸኝ ይችላል ብሎ፣ መርጦ የጠየቀው ሰው ነበርኩ። ጥያቄው ግልጽ ነበር። መልሱንም አውቀው ነበር።