ትንሹ ደሞዝና የአደይ ብርኽቲ አጥር

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰዎች ስለ ደሞዝ ማነስ ሲያማርሩ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እኔም በጊዜው ክፉኛ አማርሬ ነበርና።

ስሜ ሰይድ ይባላል። መቐለ ተወልጄ ያደግሁ የወሎ ልጅ ነኝ። ስድስት ዓመት በጫኝና አውራጅነት ሠርቻለሁ። ሲሚንቶ በሉት፣ ቆርቆሮ በሉት፣ እህል በሉት፣ ድንጋይ በሉት፣ ያልተሸከምኩት ነገር የለም። ጀርባዬ ሳይከዳኝ አንድ ነገር ላድርግ ብዬ ከዕለት ገቢዬ እየቆነጠርኩ አስቀመጥኩና የጭነት መኪና የሚያስነዳ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። የዚያን ዕለት ባለቤቴ መዲና ፈቃዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ፎቶህ ላይ ግን አሁንም ኩንታል የተሸከምክ ትመስላለህ» ብላ ሳቀችብኝ።

ፈቃድ ማውጣት ሌላ፣ ሥራ ማግኘት ሌላ። የጠየቅኩት ባለ መኪና ሁሉ «ስንት ዓመት ነድተሃል?» ይለኛል። «ገና ልጀምር ነው» ስል በሩን ያሳየኛል። መኪና ካልሰጡኝ ልምዱን ከየት ላምጣው? ሁለት ወር እንዲህ ከተንከራተትኩ በኋላ አንድ ጎረቤታችን ሰሜን ክፍለ ከተማ ወደሚኖሩ አቦይ ሓዱሽ ወደሚባሉ ሽማግሌ ላከኝ። አቦይ ሓዱሽ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ራሳቸው ሲነዱት ኖረው ጉልበታቸው ሲታመም ነው ሹፌር መፈለግ የጀመሩት። በውቅሮ መንገድ ከከተማ ወጣ ብሎ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ጥርብ ድንጋይ እያመጡ፣ ቤት ለሚሠራና አጥር ለሚያጥር ሰው ያቀርባሉ።

ልምድ እንደሌለኝ ስነግራቸው በሩን አላሳዩኝም። ይልቅ ደሞዙን ነገሩኝ። በልቤ ምነው በሩን ባሳዩኝ አልኩ። በትከሻዬ ሠርቼ በወር ከማገኘው ያንስ ነበር።

«አቦይ፣ ይሄ እኮ አውራጁ ከሚያገኘው ያንሳል» አልኳቸው።

«ዐውቃለሁ፣ ወደይ» አሉኝ በእርጋታ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ለአንድ ዓመት ነው። ቅዳሜ አብረን እንውጣ። ሥራውን እየው፣ እኔም አንተን ልይህ። ማታ መልስህን ትሰጠኛለህ።»

በዚያ ሳምንት እኔና መዲና ሌላ ወሬ አልነበረንም። የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ሦስት ወር ቀርቷት ነበር። አንድ ቀን እሺ ልበል እላለሁ፣ በማግሥቱ ሸክሜ ይሻለኛል እላለሁ። ሹፌር መባሉን ወድጄዋለሁ፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል። የሚወለደው ልጅ አባቱን ከነሸክሙ እንዲያውቀው አልፈለግኩም። ግን ደግሞ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ዝቅ ብሎ መብላት ምን የሚሉት ነገር ነው? ምክር የጠየቅነው ሰው ሁሉ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለናል። መዲና ይህ ተረት አንገሸገሻት።

«ይሂድ፣ ማን ከለከለው! እስኪሄድ ድረስ እኛ ምን እንበላለን?» ትላለች።

በመጨረሻ ተስማማን። ቅዳሜ ጥሩ አድርጌ እነዳለሁ፣ ማታ ላይ ይጨምሩልኝ እላለሁ፣ እምቢ ካሉ እተወዋለሁ። የምናገረውንም አጥንቼ ጨረስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አቦይ ሓዱሽ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ። ከመነሳታችን በፊት የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የእጅ ፍሬኑ እንደኔ ሽማግሌ ነው። ዳገት ላይ ስታቆም ማርሽ አስገባበት። እንደወረድክ ደግሞ መጀመሪያ ጎማው ሥር ታኮ አድርግ። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው፣ እሺ ዶ?» አሉና ከመቀመጫው ሥር ያለችውን የእንጨት ሽብልቅ አሳዩኝ።

«እሺ» አልኩ። ታኮ ምን እንደሆነ ለእኔ ይነገረኛል እንዴ ብዬም በሆዴ ታበይኩ።

ካባው ላይ ድንጋዩን ጫንንና ተመለስን። መንገዱን ሁሉ በደንብ ነዳሁ። አቦይ ቃል አልተነፈሱም፤ ዝምታቸውን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። ድንጋዩን ወደምናራግፍበት ሰፈር ወደ እንዳ ኢየሱስ ልንደርስ ስንል ጭራሽ «እንዲህ ለሚነዳ ሰው ይሄ ደሞዝ?» ማለት ጀምሬ ነበር።

ድንጋዩ የሚራገፈው አደይ ብርኽቲ ለሚባሉ ሴት ነው። ግቢያቸው ዳገቱ ላይ ነው። የፊት ለፊቱ አጥር ከሁለት ቀን በፊት ተገንብቶ አልቋል፤ የእኛ ጭነት ለቀረው ጎን ነበር። መኪናውን አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አድርጌ አቆምኩት። አዲሱ አጥር ከኋላችን ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን የአውራጆችን ሕግ ልንገራችሁ። መኪና ሲመጣ ስፖንዳውን፣ የጭነቱን የጎን መዝጊያ ማለቴ ነው፣ ቀድሞ በእጁ የነካ ሰው ሥራው የእሱ ነው። አራት ሰው የሚፈለግ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አራት እጆች ይቆጠራሉ፤ አምስተኛው ተመልሶ ይቀመጣል። ስለዚህ መኪናው ገና ቆሞ ሳያበቃ ሩጫ ነው። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስሮጥ ኖሬያለሁ።

ሞተሩን እንዳጠፋሁ መንገድ ዳር ሥራ የሚጠብቁ አውራጆች ከተቀመጡበት ተነስተው ሲሮጡ በመስታወት አየኋቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስረዳት እስከ ዛሬ ይቸግረኛል። እግሬ ሳያማክረኝ ተነሳ። በሩን በርግጄ ዘለልኩ፣ ሮጥኩ፣ ሁሉንም ቀደምኩና ስፖንዳውን በመዳፌ መትቼ «አንድ!» ብዬ ጮኽኩ።

ኪሮስ የሚባል የሸክም ባልደረባዬ ከኋላዬ ደርሶ፣ «ሰይዶ፣ አንተ እኮ ሹፌሩ ነህ!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ።

እኔም ልስቅ ስል ስፖንዳው ከመዳፌ ሥር ሲሸሽ ተሰማኝ። ማርሽ አላስገባሁም። ታኮ አላደረግኩም። የእጅ ፍሬኑንም የሳብኩት ለይስሙላ ነው። መኪናው ድንጋዩን እንደተሸከመ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። አቦይ ሓዱሽ ደግሞ ጋቢናው ውስጥ ናቸው።

«ማኪና! ማኪና!» እያለ ሰው ሁሉ ተበተነ። ኪሮስ ድንጋይ አንስቶ ጎማው ሥር ወረወረ፤ ጎማው ወጣበትና አለፈው። እኔ ወደ ጋቢናው በር ሮጬ ሳልደርስ ድምፁን ሰማሁ። ሲሚንቶው በቅጡ ያልደረቀው አጥር ተንዶ ወደ ግቢው ውስጥ ወደቀ። መኪናው እዚያው ቆመ።

በሩን ስከፍት አቦይ ሓዱሽ በእኔ መቀመጫ በኩል ተጋድመው የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። እሳቸው ባይስቡት ኖሮ መኪናው ቤቱ ድረስ ይገባ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«እሞ ወደይ፣ ወዴት ሄድክ?» አሉኝ።

ተራ ልይዝ ነው ይባላል?

አደይ ብርኽቲ ከቤት እየሮጡ ወጡ። «ሰው ተጎዳ ዶ? ሰው ተጎዳ ዶ?» ይላሉ። ማንም እንዳልተጎዳ ሲነገራቸው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ቀጥሎ ዞር ብለው አጥራቸውን ሲያዩ ግን ከወደቀው ድንጋይ አንዱ ላይ ተቀመጡ።

«ሁለት ዓመት በሸራ ተከልዬ ኖሬ! አጥር አለኝ ብዬ የተኛሁት ሁለት ሌሊት ነው!» አሉ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እኔ ግን የአጥሩን ባለቤት ገና በቅጡ ሳላውቃቸው አጥራቸውን ጣልኩት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ እከፍላለሁ፣ አደይ» አልኩ። አፌ ነው የቀደመኝ እንጂ በምን እንደምከፍል አላውቅም።

ሹፌር ያበላሸውን ከደሞዙ መቁረጥ የተለመደ ነገር ነው። ጭነት ሳራግፍ ስንቱን አይቻለሁ! የሰው በር ገጭቶ ዕዳውን ሳይጨርስ ሥራውን ጥሎ የጠፋም አውቃለሁ። የእኔ ደሞዝ ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚቆረጥ ነገር አልነበረውም። መዲና ከነሆዷ ፊቴ ድቅን አለችብኝ። ወደ አቦይ ሓዱሽ ሄድኩና ቁልፉን ዘረጋሁላቸው።

«አቦይ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለዚህ ሥራ የምሆን ሰው አይደለሁም። ወደ ሸክሜ ተመልሼ ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ።»

ቁልፉን አልተቀበሉኝም።

«ማን ክፈል አለህ?»

«የጣልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ደሞዙ ለምን ትንሽ የሆነ መሰለህ?» አሉኝ። «ለሚያውቅ ሹፌር ስንት እንደሚከፈል እኔም ዐውቃለሁ። አዲስ ሹፌር ግን ይሰብራል። የማይሰብር አላየሁም፣ እኔም ሰብሬያለሁ። ስለዚህ አንድ ዓመት ደሞዙ ትንሽ ነው፣ የሰበርከውን ደግሞ እኔ እሠራለሁ። የእኔ ሕግ እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትጠነቀቅ ነበር ዶ?»

ይህን ብለው እያነከሱ ወደ አደይ ብርኽቲ ሄዱ። ሰኞ ግንበኛ ይዘው እንደሚመጡና አጥሩን እንደነበረ እንደሚያቆሙት ነገሯቸው። አደይ ብርኽቲ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታረቁ ሴት አልነበሩም። «ሰኞ ካልመጣችሁ መኪናውን እዚሁ አስቀርቼ አጥር አደርገዋለሁ» አሉ። አውራጆቹ ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ማታ ቤት ስገባ መዲና በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ጨመሩልህ?»

«አጥር ጣልኩ» አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ፣ «ቆይ፣ ዓመቱን ሙሉ ምንም ሳትሰብር ብትከርም ትርፉ የማን ነው?» አለች።

«የሳቸው ነዋ።»

«ብልጥ ሽማግሌ ናቸው!» አለች። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አብሽር፣ ሥራውን ያዘው። አንተን እንደማውቅህ ሳትሰብር አትከርምም።»

በማግሥቱ እሑድ ስለነበር ግንበኛው አይሠራም። እኔ ግን ቤት መቀመጥ አላስቻለኝም። ሄጄ ከወደቀው ድንጋይ ላይ ሲሚንቶውን በመዶሻ እያራገፍኩ መደርደር ጀመርኩ። አደይ ብርኽቲ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙኝ።

«በሰንበት?» አሉ ተቆጥተው።

ሙስሊም መሆኔን ነገርኳቸው። ወደ ቤት ገቡ። ትንሽ ቆይተው ሽሮ በሳህን ይዘውልኝ ወጡ። «ብላ ወደይ፣ ሥጋ ያልነካው ድስት ነው» አሉኝ። አጥሩን ለጣለባቸው ሰው ድስት መምረጣቸው አንጀቴን በላው።

ሰኞ አቦይ ሓዱሽ ቃላቸውን ጠበቁ፤ አጥሩም ተመልሶ ቆመ። ማክሰኞ ሥራ ጀመርኩ። ያጠናሁትን የጭማሪ ጥያቄ እንኳን ልናገረው ላስታውሰውም አፈርኩ።

ዓመቱ ቀላል ነበር ብል እዋሻለሁ። አቦይን ምንም ብወዳቸው ደሞዙ ትንሽ ነበር። ልጃችን ሐያት ከተወለደች በኋላ መኪናው በማይሠራባቸው ቀናት ተመልሼ እሸከም ነበር። ኪሮስና ጓደኞቹ «ሹፌሩ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ» እያሉ አሾፉብኝ። በዚያው ዓመት ቁሓ ላይ የጎን መስታወት ሰበርኩ። ካባው ላይ የኋላ መብራት አደቀቅኩ። አቦይ ሓዱሽ ሁለቱንም ዝም ብለው አሠሩ። መዲና በበኩሏ መስበሬን በነገርኳት ቁጥር «ጎሽ፣ እሱ ትርፋችን ነው» ትለኝ ነበር። ከመንፈቅ በኋላ ግን ምንም አልሰበርኩም። መዲና ኪሳራ ላይ ነን አለች።

ዓመቱ የሞላ ዕለት አቦይ ቤታቸው ጠርተው አዲሱን ደሞዝ ነገሩኝ። ልምድ ላለው ሹፌር የሚከፈለው ነው፤ ሳልጠይቅ። አመስግኜ ስነሳ እጄን ያዙኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ግን፣ ወደይ፣ የሰበርከው ያንተ ነው።»

መዲና ስትሰማ ሐያትን ወደ ላይ አንስታ እልል አለች። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ለአንድ ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። በማግሥቱ ጠዋት ግን መኪናውን አስነስቼ ከሰሜን ስወጣ እንደዚያን ቀን ፈርቼ ነድቼ አላውቅም። ለካ ያን ዓመት ሁሉ መሪውን የያዝነው ለሁለት ኖሯል። ደሞዝ ተጨምሮለት ሆዱ የባባ ሹፌር ከእኔ ሌላ አይታችሁ ከሆነ እስቲ ንገሩኝ።